የአቶ ናሆም አሥራ አንድ ደቂቃ

እኔ ማስተማር የምጀምረው በዐይን ጠብታ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪዎቼ በሩ ላይ ይሰለፋሉ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልበስ ያደርጋሉ፣ እኔም በየተራ ሁለት ሁለት ጠብታ አደርግላቸዋለሁ። ያልተጨመረለት ልጅ አራት ሰዓት ሳይሞላ ዐይኑ ይደርቅና መርገብገብ ይጀምራል። የሚርገበገብ ዐይን ደግሞ፣ ክፍሉን በሚጠብቀው የዐይን መቆጣጠሪያ፣ ትምህርት አይከታተልም ተብሎ ከክፍል እንደቀረ ይቆጠራል። አምና አንዱን ተማሪዬን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ጥያቄ እየጠየቀኝ መቆጣጠሪያው «ቀሪ» ብሎ መዝግቦታል። ለአስተዳደሩ አመለከትኩ። «ሲስተሙ ነው» አሉኝ። ሲስተሙ ከሆነማ ምን ይባላል? በቃ፣ ልጁ ቀርቷል።

ስሜ ሃሴት ይባላል። ስልሳ ዓመቴ ነው። አዳማ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙከራዊ ቪዲዮ አስተምሬአለሁ። «ለድረ ገጽና ለመስተጋብራዊ ሚዲያ» ይላል የትምህርቱ ስም። ድረ ገጽ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሙን የሚለውጠው ኮሚቴ ግን እስከ ዛሬ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላለትም።

አሁን ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው የለም። የሚቆርጠው ቆራጩ የሚባለው ፕሮግራም ነው። አንድ ሥራ ሲለቀቅ የመጀመሪያዎቹ ሺህ ተመልካቾች ሙሉውን ያያሉ፤ ቆራጩ ደግሞ እነሱን ያያል። ከሦስት ሰው አንዱ እንኳ ዐይኑን ያላሳረፈበትን ቦታ በቀይ ያሰምርበታል። ሺህ ሰው ሲሞላ፣ ባይሞላም በሁለት ወሩ፣ ቀዩ ተቆርጦ ይጠፋል፣ ቪዲዮውም «ረጋ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የረጋው ብቻ ነው። «ኮፒ አታስቀሩም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ በዕድሜ የሚበልጠኝ ነው። ካሜራ በሆዱ ምንም ነገር ማስቀመጥ ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስክሪን ላይ ደቅናችሁ ልትቀርጹበት ብትሞክሩም ስክሪን መሆኑን ያውቅና ጥርቅም ብሎ ይጠፋባችኋል።

ይህን ስናገር ከሰማይ የወረደብኝ መዓት አስመሰልኩት። ውሸቴን ነው። ቆራጩ ሲሠራ ምን ምን ማወቅ እንዳለበት እንዲመክሩ ከተጠሩት አስተማሪዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ጉረኛም ነበርኩ። በክፍል ውስጥ የምለውን እዚያም ደገምኩት፦ «ተመልካች ዐይኑን ያነሳበት ቦታ የሞተ ቦታ ነው፤ ቁረጡት።» አጨበጨቡልኝ። ጥሩ ምሳም ጋብዘውናል።

ይርገዱ ናሆም ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራዋን ይዛ መጣች። የቅድመ አያት ስም ፋሽን በሆነበት ዘመን የተወለደች ልጅ ናት። ክፍሌ ውስጥ ይርገዱ፣ አልማው፣ ደርብነሽ ሞልተዋል፤ ሃሴት፣ ናሆም፣ ኤልዳና የምንባለው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። ቪዲዮውን ከፈተችልኝ። አንድ ሰውዬ ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላው ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ካሜራው አይንቀሳቀስም።

«ተመልካቹ የሚነካው የታለ?» አልኳት።

«የለም፣ ቲቸር።»

«የሚመርጠውስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን ያድርግልሽ?»

«ይስማ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ሙከራ በእኔ ጊዜ ሁሉን ነገር መነካካት ነበር። ለዚህች ልጅ ደግሞ አለመንካት ሆኗል። ተናደድኩ፣ ትንሽም ቀናሁባት መሰለኝ። ያም ሆኖ ተቀምጬ አየሁት።

ሰውዬው አባቷ አቶ ናሆም ነው። ዕድሜውን በንፋስ ኃይል ማመንጫው ላይ፣ እዚያ ኮረብታው ላይ፣ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስለ ሥራው ትንሽ ያወራል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ ይርገዱ እናት ጀመረ። ሊዲያ ትባላለች። ይርገዱን ስትወልድ ነው የሞተችው። በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟ ተጠርቶ አያውቅም።

«ጠዋት አመመኝ አለችኝ» ይላል። «እኔ ተረኛ ነበርኩ። ትንሽ ታገሺ፣ ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ አልኳት። እሺ አለችኝ። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም እኮ። እሺ ነው ያለችኝ።» ከዚያ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። እያለቀሰ ሁሉን ተናገረ፣ እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ ድረስ። ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና «ልብሱ ደርቋል፣ አስገቢው» አላት። አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ አለቀ።

«ልቀቂው» አልኳት፣ ራሴም ማስታወቂያውን በኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። እነዚያን አራት ደቂቃዎች ሙሉ ሳዳምጥ የክፍሉን ወለል እያየሁ እንደነበር ልብ አላልኩም።

በሳምንቱ አቶ ናሆም ግማሽ ጎኑ ተያዘ። ነፍሱ ተረፈች፣ ንግግሩ ግን ሄደ። ከዚያ በኋላ ከአፉ የሚወጣው «ኧኧ» የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ።

ይርገዱ ቢሮዬ ስትመጣ ቪዲዮው ስድስት መቶ አርባ ሰው አይቶት ነበር። ታብሌቷን ዘረጋችልኝ። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ያለው በሙሉ ደም መስሏል። ከስድስት መቶ አርባ ሰው ያቺን ቦታ ያዩት ሃያ ሁለት ናቸው። ከሥር ደግሞ አስተያየቱ ተደርድሯል፦ «አንጀቴን በላኝ»፣ «ወይኔ እኚህ አባት»፣ «አልቅሼ ሞትኩ»።

«አልወደዱትም ማለት ነው፣ ቲቸር?»

ቀና ብዬ አየኋት። ይርገዱ የምትናገረው ለጫማዬ ነበር። እጆቿን ከኋላ አጣምራ፣ አገጯ ደረቷን ነክቶ፣ እናት ባይኖራትም አባቷ በደንብ አድርጎ እንዳሳደጋት የምታስታውቅ ልጅ። ያኔ ገባኝ።

«ስትቀርጪው አንቺ ወዴት ነበር የምታዪው?»

«መሬት ነዋ። አባቴ እያለቀሰ ፊቱን ልየው እንዴ?» አለች። «ፊቱን አላየሁትም፣ ቲቸር። የማውቀው ድምፁን ነው። ስበረታ፣ አንድ ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ መናገር አቆመ። ከተቆረጠ እኮ እናቴም አብራ ሄደች።»

ስድስት መቶ አሥራ ስምንት ሰው፣ ያለቀሰ ሽማግሌ ፊት ላይ ላለማፍጠጥ ሲል አቀርቅሮ ሰምቷል። ሁሉም በጨዋነት። ቆራጩ ጨዋነት አያውቅም፤ አላስተማርኩትማ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋ ሄድኩ። ድሮ ያስተማርኩት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ እንደሚገባ አከበረኝ።

«ውጤቷን አይጎዳውም እኮ» አለኝ። «ሰባት ደቂቃ ሲሆን እንዲያውም ያምራል። ልብሱ፣ ግቢው፣ ጉልበቱን ሲያሻሽ።»

«ልጄ፣ የምልህ አልገባህም። ሰዉ ሲሰማው ነበር!»

«ይገባኛል፣ ቲቸር። ግን ዐይን የተነሳበት ቦታ የሞተ ቦታ ነው። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት እኮ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ሊያሽሟጥጠኝ አልነበረም። ከልቡ ነው።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ውሃውንም አልጠጣሁለት።

ማስታወቂያውን ከሰሌዳው አወረድኩት፣ ሌላ ሰው እንዳያየው። የቀሩት ሦስት መቶ ስልሳ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ያንን ፊት ሳይነቅሉ ካዩት ይተርፋል። አርባ ስምንት ሰው ዐይኑን ነቅሎ ቢወድቅብኝ ችግር የለም፤ አርባ ዘጠነኛው ከወደቀ ግን ሊዲያ ሁለተኛ ትሞታለች። አቶ ናሆም ያለበት እድር ሦስት መቶ አርባ አባል አለው። የክፍሌ ተማሪዎች ሃያ ናቸው። ልክ ሦስት መቶ ስልሳ።

እሁድ ጠዋት የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ነገሩን አስረዳሁ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ያፌት ጥርስ የሌለው፣ ቀልድ የማይሳነው ሰው ነው።

«እና ሥራችን ማፍጠጥ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«በናሆም ላይ?»

«በናሆም ላይ።»

ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። እማማ ኤልዳና የሚባሉ የሰፈሩ ባልቴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። «አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ባለጌ ልታደርጊኝ ነው? ሰው ገመናውን ሲዘረግፍ ፊቱን ልይ? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆነጥጠኛለች!»

«እማማ፣ ካላዩት ይጠፋል።»

«ብጠፋ ይሻለኛል ይል ነበር እሱ ቢጠየቅ» አሉኝ።

ይርገዱ ናት የመለሰችላቸው። ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና «ለእኔ ብለው፣ እማማ» አለቻቸው። እማማ ኤልዳና አለቀሱ። እሺ አሉ። ሁሉም እሺ አለ። ይሄ ሰፈር እንደሆነ ለሰው ልጅ እምቢ ማለት አይችልም።

ሁለት እሁድ አሠለጠንኳቸው። ሠላሳ ዓመት ቪዲዮ መሥራት ሳስተምር ኖሬ ማየት አስተማርኩ። የእድሩን አግዳሚ ደርድሬ፣ በር ላይ ጠብታ እየጨመርኩ፣ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ላይ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ ይስቁ ነበር። ባልና ሚስቶቹ ተጣሉ። አርባ ዓመት ጎረቤት የነበሩ ሁለት ሰዎች ተያይተው አያውቁም ነበርና አንደኛው «እንዴ፣ ይሄ ጠባሳ ከየት መጣ?» አለው። በሁለተኛው እሁድ ሳቁ ቆመ። «የለቅሶ ድምፅ ስትሰሙ አንገታችሁ ራሱ ይጎነበሳል፣ እምቢ በሉት» እላለሁ። «ምንም ብትሰሙ፣ ጣሪያው ቢደረመስ እንኳ ከስክሪኑ ላይ ዐይናችሁን እንዳትነቅሉ።» ተማሪዎቼ እንደዚያ አዳምጠውኝ አያውቁም።

በሦስተኛው እሁድ፣ ረፋዱ ላይ፣ የእድሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ትልቁን ስክሪን ከኮሌጁ አስመጥቻለሁ። እኔ ከስክሪኑ ሥር ሕዝቡን ፊት ለፊት ሆኜ ቆምኩ፣ በእጄ የሚወድቀውን ሰው ቁጥር የሚነግረኝ ታብሌት አለ። ይርገዱ የመጀመሪያው አግዳሚ መሃል ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ልንጀምር ስንል የሰፈሩ ሰዎች አቶ ናሆምን በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፉ አስገቡት። «የራሱ ነገር አይደል እንዴ፣ እቤት ብቻውን ምን ያደርጋል» አለ አቶ ያፌት። በደግነት ነው ያመጡት። ከፊት፣ በጎን በኩል፣ ግድግዳው ሥር አስጠጉት። ልከለክል አስቤ ነበር። ሰው ተሰብስቧል፣ ጠብታው ተደርጓል። ተውኩት።

ቪዲዮው ተጀመረ። ጉልበቱ፣ ኮረብታው፣ የንፋሱ ነገር። አምስተኛው ደቂቃ መጣ። «ጠዋት አመመኝ አለችኝ» አለ ስክሪኑ ላይ ያለው ናሆም። ሦስት መቶ ስልሳ ሰው አንድም አንገት ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ አየው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እንባው በጉንጫቸው እየወረደ ዐይናቸውን አይጠርጉም። ይርገዱ አባቷን ሲያለቅስ እያየች ነበር፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ታብሌቴ ላይ የወደቁት፣ እንባ ዐይናቸውን የጋረደው፣ ዘጠኝ ናቸው። አሥራ አራት። ሃያ። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ። እሰይ የኔ ልጆች።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አቶ ናሆምን አየሁት። እውነተኛውን ማለቴ ነው።

ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው። አንገቱን አዙሮ ሰዎቹን ነበር የሚያየው። ጎረቤቶቹን፣ የሥራ ጓደኞቹን፣ ልጁን፣ ሁሉም አፍጥጠው ሃያ ሁለት ዓመት የደበቀውን ፊት ሲያዩ። ደህና የሆነውን እጁን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት ግን አልተሸፈነም። እጁን አወረደና ወንበሩን ወደ በሩ ሊያዞር ሞከረ። አንድ እጅ ብቻ ስለነበረው ወንበሩ በቦታው ዞረ፣ ግድግዳውን መታ። «ኧኧ» አለ። «ኧኧ!» ስክሪኑ ላይ ያለውም እያለቀሰ ስለነበር ድምፁ ከእሱ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። ማንም አልለየውም።

ከእኔ በቀር።

የወደቁት ሠላሳ አንድ ሆነዋል። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር ሦስት መቶ ዐይን ይዞራል። ሁሉም ይጠፋል፣ ሊዲያ፣ «እሺ» ያለችው፣ ይርገዱ አሁን እያየችው ያለችው ፊት። ሌላ ሺህ ሰው የለም። ለምን እንዳልተንቀሳቀስኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እግሬ ተይዞ ነው እላለሁ። አይደለም። ቁጥሩን እያየሁ ነበር። ትንሽ ይታገሥ፣ ሦስት ደቂቃ ምን አላት፣ አልኩ።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ቀስ ብሎ ነው የተንሸራተተው፣ እንደሚወርድ ጆንያ። ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ደህናው እጁ ሁለት ጊዜ ወለሉን ቧጠጠ። ሠላሳ ስምንት። አርባ አንድ። ስምንተኛው ደቂቃ። አርባ አራት። አርባ አራት ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ያለው ናሆም አፍንጫውን ጠረገ። «ልብሱ ደርቋል፣ አስገቢው» አለ።

«ረጋ» የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። እማማ ኤልዳና ዘለሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ይርገዱ ብድግ ብላ «አባ!» እያለች ወደ ግድግዳው ዞረች።

አነሱት። በሕይወት አልነበረም። በግንባሩ ላይ ትንሽ ደም ብቻ ነበር። ይርገዱ አቅፋው ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ስሰማ መሬት መሬት ማየት ነበረብኝ፣ ሁላችንም። ግን ማንም አላቀረቀረም። ሦስት መቶ ሰው ክብ ሠርቶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ፣ የምታለቅሰውን ልጅ ፊት ያይ ነበር። የለቅሶ ድምፅ ስትሰሙ አንገታችሁን እምቢ በሉት ብያቸው የለ።

«አቀርቅሩ!» አልኩ። «ኧረ በእግዚአብሔር አቀርቅሩ!» አንገታቸው እምቢ አላቸው። እኔም ራሴ እያየኋት ነበር።

ቪዲዮው አሥራ አንዱንም ደቂቃ ይዞ ረግቷል። ኮሌጁ ከፍተኛውን ውጤት ሰጣት፤ የክፍሉ ኃላፊ በሰሌዳው ላይ «በታሪካችን ከፍተኛው የዐይን ቆይታ» ብሎ አወጣው፣ ከሥሩም የእኔን ስም እንደ አማካሪ ጻፈው። ሰው አሁንም ያየዋል። ይርገዱ ከዚያ ቀን ወዲህ አይታው አታውቅም።

ከአርባው በኋላ ይርገዱን ልጠይቃት ሄድኩ። ቁጭ ይበሉ ሳትለኝ ተቀመጥኩ። ፊቴን ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር፣ እንዳስተማርኳት።

«ቲቸር» አለችኝ በመጨረሻ። «እኛ ሁላችን ወደ ስክሪኑ ዞረን ነበር። እርስዎ ወደ እኛ ዞረው ነበር የቆሙት።»

«አዎ።»

«ሲወድቅ አላዩትም?»

መዋሸት እችል ነበር። ታብሌቱን ሳይ ነበር ብላት ታምነኝ ነበር፣ ጨዋ ልጅ ናት።

«አየሁት» አልኳት።

ይርገዱ ያኔ ዐይኗን ከፊቴ ላይ አነሳችና አቀረቀረች። ለአክብሮት አልነበረም።